ተራፊ ሰባት

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
የከዳኝን የሱሪ ዚፕ ይዤ ሄድሁ አንድ ቀን።
የአስካለች ስፌት ቤት ኮንቴይነር ነው፤ ግድግዳው ብረት፣ ጣራው ብረት፣
በበያጅ እሳት የተቀደደች መስኮት፣ መጋረጃ ያለባት።
ሰማያዊ ነበር ድሮ፤
ፀሐይ ልጦት፣ የአዳማ ነፋስ በአሸዋ ሞርዶት ኖሮ
አመድ መስሏል።

እሷ ዚፑን ስትፈታ እኔ በሩን አነበብሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ እንዲህ ያለ በር ሳነብ ነው ያረጀሁ፦
ከነጭነቱ ሠላሳ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ኪሎ፣
ባዶውን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ፤
አራት የፈረንጅ ፊደል፣ ስድስት ቁጥር ተከትሎ፣
ከዚያ በሳጥን የታጠረች አንዲት አሃዝ፣ ከሌሎቹ ተነጥላ።
ቁጥሩን አወቅሁት።
የአቶ ኩመላ።

ሙያዬ ቀን መቁጠር ነበር።
ሌላው ዕቃ ይቆጥራል፣ ሌላው ገንዘብ፤ እኔ ቀን።
መርከብ ጅቡቲ ታራግፋለች፤ ካሚዮን ሳጥኑን አዝሎ
በጋላፊ ገብቶ፣ አዋሽን አልፎ፣ መተሐራ ላይ ጎማ ቀይሮ ይደርሳል።
ጥቂት የምሕረት ቀን አለው፤ እሱ ሲያልቅ
ቀኑ በዶላር ይመነዘራል።
እሑድ የለ፣ ጥምቀት የለ፣ አረፋ የለ፤
ያደረ ሊጥ ይቦካል፣ ያደረ ሳጥን ይወልዳል።

ኩመላ የወንጂ ሰው ነው፤ ቤቱን ለባንክ አስይዞ
መቶ ስልሳ የውኃ ፓምፕ አስመጣ፣ ለሽንኩርት አልሚው አዝዞ።
ኢንቮይሱ ላይ ስሙ በአንድ «ኤም»፣
የመርከቡ ሰነድ ላይ በሁለት።
ባንኩም፦ «ሰውየው አንድ ነው ወይስ ሁለት?»
ደብዳቤ ቻይና ሄደ፤ የዓመት በዓላቸው ነበርና ቢሮው ተዘግቷል።
የእኔ ግን ክፍት ነው። በየማለዳው ካኪ ፋይል በብብቱ ይዞ ይመጣል፤
«ዛሬስ ስንት ደረሰ?» ይላል፣ የልጁን ትኩሳት እንደሚጠይቅ ሰው።
እነግረዋለሁ፤ ቁጥር አያፍርም፣ የሚያፍረው ሰው ነው፣
እኔ ግን ያን ጊዜ ቁጥር ነበርሁ።
በዘጠና ሰባተኛው ቀን ኪራዩ ፓምፖቹን በለጠ።
ከዚያ ወዲያ አልመጣም።
የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

«ጋሼ» አለች አስካለች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣
«ይሄ ነገር እውነት ባሕር አይቷል?»
አይቷል አልኋት፤ ስድስት ሰባት ፎቅ ተደራርቦ፣ በታች ውኃ፣ በላይ ሰማይ።
«ታዲያ የክረምቱን ዝናብ ለምን ያስገባል?»
ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ።
«ክፉው እንኳ ኪራዩ ነው፤ በየቀኑ፣ ማታ ማታ ይመጣሉ፤
ሰው መጣ አልመጣ ቀኑ ይቆጠራል።»
መልስ አላገኘሁም።

በመንገዱ ካሚዮኖች ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤
ሙሉው ሲመጣ ያቃስታል፣ ባዶው ሲመለስ ይጮኻል፤
አገር የሚሞላበት አጥቶ፣ ነፋስ ጭኖ ኪራይ ይከፍላል።

ጠመኔዋን ለመንኋት።
ያቺ የታጠረች አሃዝ የሌሎቹ ዋስ ናት፤
ፊደሉን በቁጥር ቀይረህ፣ እያንዳንዱን በእጥፍ፣ በእጥፍ እጥፍ አባዝተህ፣
ደምረህ ለአሥራ አንድ ስታካፍል የምትተርፈው እሷ ናት።
ካልገጠመች ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ሳጥኑ ሌላ፣
ያ ሰው ሌላ፣ ያ ፊርማ ሌላ።
እንዳትገጥም ተመኘሁ። በዕድሜዬ አንድም ቀን
ሒሳብ እንዳይገጥም ተመኝቼ አላውቅም።
በብረቱ ላይ ጻፍሁ፣ ደመርሁ፣ በመዳፌ አጠፋሁ፣ ደግሜ ደመርሁ።

ሰባት ተረፈ።
በሳጥኑ ውስጥ ያለችውም ሰባት ናት።

«መቶ ሃያ ብር» አለች ሱሪዬን እያጠፈች።
ግድግዳውን አየችና፦ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሒሳብ? ተሳስቶ ነው?»
«የለም» አልኋት። «ትክክል ነው።»